ሰርተፍኬቱ ይቅርብን፣ ክሩን ስጡን

ይህን የምጽፈው ለሦስት ወገን ነው። ለእኛ ለስደተኞች የኑሮ ማሻሻያ ሥልጠና ለሚሰጡ ድርጅቶች፣ በማኅበረሰባችን ስም የስም ዝርዝር ለሚያቀርቡ መሪዎቻችን፣ እንዲሁም «ኪሮሽ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» ለሚሉ ወንድሞቼ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩን በአጭሩ ልበለው። ናይሮቢም ካኩማም ያሉ እናቶቻችንና እህቶቻችን ኪሮሽ መሥራት አላቃታቸውም። ያጡት ክር ነው። ክር ለሌላት ሴት የኪሮሽ ሥልጠና መስጠት፣ ጤፍ ለሌላት ሴት የእንጀራ አጋገር ማስተማር ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ እንደ እኔው ስደተኞች ናቸው። «አንተ ወንዱ፣ ያውም የሂሳብ መምህር፣ ስለ ክር ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። ከክፍሌ ልጆች የስንቱ ደብተር፣ የስንቱ ጫማ፣ የስንቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእናቱ ኪሮሽ ጫፍ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ልጁ ሦስት ቀን ይቀርና «አሞት ነው» ይሉኛል። ሲጣራ ልጁ ደህና ነው። እናቱ ትእዛዝ የተቀበለችበት አልጋ ልብስ መሐል ላይ ክር አልቆባት፣ የማስረከቢያው ቀን አልፎ፣ ገንዘቡ ሳይመጣ ቀርቶ ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ ስለ ያልታወቀው ኤክስ ሳስተምር፣ እሱ ቤት ያልታወቀው ነገር እራት ነው።

ስለዚህ ወደ ሥልጠናው እንሂድ።

ሥልጠና እንዴት እንደሚካሄድ የማያውቅ ስደተኛ የለም። አዳራሽ ይከራያል። ባነር ይታተማል። አሰልጣኝዋ ከሌላ ቦታ ትመጣለች፤ አበልዋና ማደሪያዋ ተከፍሎ። ጠዋት ስም ይመዘገባል፤ ፊርማ ይፈረማል። አራት ሰዓት ላይ ሻይና ማንዳዚ ይቀርባል። ለእያንዳንዷ ሠልጣኝ አንድ ኪሮሽና ሁለት ልቃቂት ክር ይታደላል። በአምስተኛው ቀን ሰርተፍኬት፣ ጭብጨባ፣ የቡድን ፎቶ። ከዚያ ሪፖርት ይጻፋል፤ ሴቶቹ ራሳቸውን ቻሉ ይባላል።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ ልቃቂት ያልቃሉ። ከነሱ የወጣው አንድ የሕፃን ኮፍያና የአንድ እግር ካልሲ ነው። ሌላኛው እግር እስከ ዛሬ ክር እየጠበቀ ነው።

ለመሆኑ ሠልጣኞቹ እነማን ናቸው? ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ፣ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከእናት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት ዳንቴል የተማሩ ሴቶች ናቸው። የሶፋውን፣ የጠረጴዛውን፣ የቴሌቪዥኑን፣ የረከቦቱን መሸፈኛ ሳይቀር በእጃቸው ሠርተው ትዳር የያዙ ናቸው። ለእነዚህ ሴቶች ሰንሰለት አሠራር ማሳየት ለአዝማሪ የማሲንቆ አያያዝ ማሳየት ነው። የእኛ ብቻ አይደለም። ካኩማ ውስጥ የደቡብ ሱዳን እናቶች «ሚላያ» የሚሉትን ባለ ጥልፍ አንሶላ ሠርተው ዳሩን በኪሮሽ ሲከብቡት ያየ ሰው፣ ሥልጠናውን ማን ለማን መስጠት እንዳለበት ይገባዋል።

የአንድ ተማሪዬ እናት ሦስት ሰርተፍኬት አላት። ሦስቱም የእጅ ሥራ ነው። ሦስቱንም በፕላስቲክ አድርጋ አስቀምጣቸዋለች። «መምህር፣ ይህን ወረቀት ተርትሬ ክር ባወጣበት እንዴት ጥሩ ነበር» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔን ግን አላሳቀኝም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ዋጋ በሽልንግ አልጽፍም፤ የዛሬ ዋጋ ነገ ይለወጣል። በግራም እንቁጠር።

የሕፃን ኮፍያ 50 ግራም ያህል ክር ይወስዳል። የአዋቂ ሹራብ 400 ወይም 500 ግራም ይወስዳል። የሁለት ሰው አልጋ ልብስ እንደ ክሩ ውፍረት 2 ኪሎ ሊደርስ፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። 2 ኪሎ ማለት በባለ 100 ግራም 20 ልቃቂት ነው። ደንበኛው ገንዘቡን የሚሰጠው ሥራው ሲያልቅ ነው። ክሩ ግን የሚገዛው ሥራው ሳይጀመር ነው። ጉልበቱና ሌሊቱ የራሷ ስለሆነ ያለ ቅድመ ክፍያ ትሰጣለች። ክሩን ግን ባለ ሱቁ በዱቤ አይሰጣትም። በሩ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

20 ልቃቂት በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም የሌላት ሴት አንድ አንድ እያለች ትገዛለች። አንድ አንድ የምትገዛ ሴት ሦስት ጊዜ ትቀጣለች።

አንደኛው ቅጣት የችርቻሮ ዋጋ ነው። ክር በትልቅ ኮን፣ በኪሎ ሲገዛ አንድ ዋጋ አለው፤ በትንሽ ልቃቂት ሲገዛ ሌላ። ድሃ ሁልጊዜ ውዱን ይገዛል፤ ርካሹን ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋልና።

ሁለተኛው የመንገድ ነው። ለእያንዳንዷ ልቃቂት ማታቱ ተሳፍሮ መሄድና መመለስ አለ።

ሦስተኛው የቀለም ነው፤ ይኼንን የሚያውቀው የነካው ብቻ ነው። በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ አንድ ቁጥር አለ፤ ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚናገር። በተለያየ ዙር የተነከረ ቀይ ከቀይ አይገጥምም። ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስላል፤ አልጋ ላይ ሲዘረጋ ግን መሐሉ ላይ መስመር ሠርቶ ይወጣል። ገንዘብ ያላት ሁሉንም ከአንድ ዙር ትገዛለች። የኛዋ በየሳምንቱ አንድ ልቃቂት ስትለቅም ትከርምና ደንበኛው «ይኼ የተለጠፈ ነው እንዴ?» ብሎ ዋጋ ይቆርጥባታል።

ካኩማ ያለችው ደግሞ አራተኛ ቅጣት አለባት። ከናይሮቢ ካኩማ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ክሩ ያን መንገድ በጭነት መኪና ይሄዳል። እሷ ግን ወደ ክሩ መምጣት አትችልም። በካምፕ የተመዘገበ ስደተኛ ከካምፕ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የኬንያ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ ሲውል፣ መሥራት እንደምንችል የሚናገር ሕግ መጣ ብለን ደስ አለን። መሥራት ትችላላችሁ፤ ወደ ዕቃው መሄድ ግን አስፈቅዳችሁ ነው። እንግዲህ ካምፕ ውስጥ ባለ ሱቅ ክር ላይ የተጨመረው የነዳጅ ዋጋ ብቻ አይደለም። የታሰረ እግር ዋጋም አለበት። ስለ መንቀሳቀስ መብት ስንጮህ ፖለቲካ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የአንድ ልቃቂት ዋጋ ናይሮቢና ካኩማ ላይ አወዳድሩ።

ለምን አሁን አነሳኸው ለምትሉኝ፣ ዘመኑን እዩት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ታገደ። ሻንጣ ገዝተው፣ ዕቃ ሸጠው፣ ቀን ሲቆጥሩ የነበሩ ቤተሰቦች እዚሁ ቀሩ። በዚያው ዓመት የርዳታ ገንዘብ ተቆርጦ የካምፕ ራሽን ቀነሰ። «ፕሮሰሴ እስኪያልቅ ነው» ብሎ መኖር ያበቃለት ሰው ብዙ ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ደግሞ እዚህ ሠርቶ የሚሸጠው ነገር ያስፈልገዋል።

ድርጅቶች ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አላቸው። ሦስቱንም ሰምቻቸዋለሁ።

«ክር ብንሰጣቸው ይሸጡታል።» ብትሸጠውስ? ልጅዋ ታሞ አንድ ኪሎ ክር ሸጣ መድኃኒት የገዛች ሴት ምን አጠፋች? ሰርተፍኬቱን ለመሸጥ ሞክራ ገዢ እንዳጣች ታውቃላችሁ? የሚሸጥ ነገር መስጠት ነውር ከሆነ፣ የማይሸጥ ነገር መስጠት ጽድቅ የሆነው መቼ ነው?

«ዘላቂ አይደለም።» ለአምስት ቀን የተከራየ አዳራሽ ዘላቂ ነው? ማንዳዚው ዘላቂ ነው? ባነሩ እንኳ እውነትም ዘላቂ ነው፤ ካኩማ ውስጥ የጣሪያ ቀዳዳ ደፍኖ ዓመታት ያገለግላል። ክር ግን የነጋዴ መነሻ ነው። አንድ ኪሎ ክር ሥራ ሆኖ ሲሸጥ የሚቀጥለውን ኪሎ ይገዛል። ከዚህ የበለጠ ዘላቂ ነገር በሪፖርታችሁ ውስጥ አላየሁም።

«ገበያ የለም።» ይኼኛው ግማሽ እውነት አለው። ከውጭ የሚገባ ርካሽ ብርድ ልብስ ገበያውን ሞልቶታል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ በማሽን አይሠራም። ፋብሪካ የሚያወጣው ኪሮሽ የሚመስል ነገር ነው። እውነተኛ ኪሮሽ የትም ብታዩት የአንድ ሰው እጅ አለበት። ፋብሪካ የማይወዳደረን በአንድ ሙያ እኛን የሚያሸንፈን የክር ዋጋ ብቻ ከሆነ፣ መፍትሔው ሌላ ሥልጠና ነው ወይስ ክር?

አሁን ፊቴን ወደ እኛው ላዙር። «ስጡን» ብቻ ብዬ ባቆም ልመና ይሆናል። ድርጅቶቹ እስኪሰሙ እጅ አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው የለም። ክር በነጻም በርካሽም የሚገኝበት ቦታ አለ፤ ብዙዎቻችን በየቀኑ አጠገቡ እናልፋለን።

አንደኛ፣ አሮጌ ሹራብ። አገር ቤት ሰልባጅ የምንለው እዚህ ሚቱምባ ይባላል። ጊኮምባ ቦንዳ ሲፈታ ምርጡን «ካሜራ» ይሉታል፤ ነጋዴዎች ይሻሙበታል። መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ክምር «ፋጊያ» ይሉታል፤ መጥረግ እንደማለት ነው። እጅጌው የተቀደደ፣ ዚፑ የተሰበረ፣ ልኩ ለማንም የማይሆን ሹራብ እዚያ ውስጥ አለ። ለእኛ ቀዳዳው ጉድለት አይደለም። እኛ የምንገዛው ግራም ነው እንጂ ልብስ አይደለም። የ400 ግራም ሹራብ የሚጣለው ተጥሎለት እንኳ ሦስት ጥሩ ልቃቂት ይወጣዋል፤ ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።

ሁሉም ሹራብ ግን አይሆንም። ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ ከተሰፋ ተዉት፤ ስትተረትሩት የሹራቡን ወርድ ያህል ብቻ የሆነ ቁርጥራጭ ነው የሚሰጣችሁ። ጠርዞቹ ሳይቆረጡ ጎን ለጎን ገጥመው በአንድ ክር የተሰፉ ከሆነ እሱን ያዙ። ሱፍ ሆኖ በሙቅ ውኃ ታጥቦ እርስ በርሱ የተጣበቀውንም ተዉት፤ አይፈታም። ክሩ በጣም ቀጭን ከሆነ አትጥሉት፤ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ደርቦ መሥራት ይቻላል።

ምልክቱ ተቆርጦ ክሩ ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ስንዝር የማትሞላ ክር ቁረጡና ውኃ ያለበት ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሱ። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሱፍ ነው። እንደ ወረቀት ከነደደ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ከሆነ አክሪሊክ ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ነው። ይህ የኬሚስትሪ ጨዋታ አይደለም። በአክሪሊክ የድስት መያዣ ሠርቶ የሸጠ ሰው የደንበኛውን እጅ ያቃጥላል፤ በጋለ ድስት ላይ ይቀልጣልና። ለማዕድ ቤት ጥጥ፣ ለሐምሌ ብርድ ሱፍ፣ ለአልጋ ልብስ አክሪሊክ ይሆናል።

አተራተሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ስፌቱን ፈትታችሁ አካሉን፣ እጅጌውን፣ አንገትጌውን ለዩ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ተርትሩ፤ ከታች ከጀመራችሁ ብዙውን ጊዜ ይተበተባል። የተፈታውን በወንበር ጀርባ ላይ አጠንጥኑ፤ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት። ስትሰቅሉት ከሥሩ ግማሽ የሞላ የውኃ ጠርሙስ አንጠልጥሉበት፤ ጥምዝምዙ ይላቀቃል። ሲደርቅ ልቃቂት ነው። የገዛው ሰው ከሱቅ መጣ ከጊኮምባ አይለየውም።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ። ይህ የኔ መንደር ነው። እዚህ አገር ተማሪ ያለ ሹራብ የለም፤ ሰማያዊ፣ ማሩን፣ አረንጓዴ። ልጅ ያድጋል፣ ሹራቡ አያድግም። ፎርም ፎር የጨረሰ ልጅ ሹራቡን መልሶ አያጠልቀውም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጨረሻ አንድ ካርቶን በር ላይ ቢያስቀምጥ በነጻ ክር ይሞላል። ያውም ተመሳሳይ ቀለም። መምህራን ወገኖቼ፣ ይህ ለእኛ ነው፤ በጀት አይጠይቅም፣ ስብሰባም አይጠይቅም። እነዚህን ሹራቦች የሚሠሩ ትንንሽ ወርክሾፖችም በየሰፈሩ አሉ። ኮን ላይ የሚቀረው የክር ጭራ ለማሽን አይበቃም፤ ለኪሮሽ ይበቃል። ገብታችሁ ጠይቁ። ቢበዛ «የለም» ይሏችኋል። ስደተኛ ደግሞ «የለም» መስማት ለምዷል።

ሦስተኛ፣ ቲሸርት። የታችኛውን ቅምቅማት ቆርጣችሁ ጣሉ። ከዚያ ከታች ጀምራችሁ እስከ ብብቱ ድረስ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳይቋረጥ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ዙሩት። ስትስቡት ራሱ ይጠቀለልና ወፍራም ክር ይሆናል። ጎኑ ላይ ስፌት የሌለው ቲሸርት ይሻላል። ለእግር ምንጣፍ፣ ለቅርጫት፣ ለቦርሳ ይሆናል። ወፍራም ኪሮሽ ከሌላችሁ አናጺ ከእንጨት ይጠርብላችኋል።

አራተኛ፣ ጆንያ። ራሽን የሚመጣበት ነጭ ጆንያ እኮ የተሸመነ ነው። ዳሩን ቆርጣችሁ ብትስቡት ጠፍጣፋ ክር እየሆነ ይወጣል። ለገበያ ቦርሳ የሚያህለው የለም። ራሽኑ ቢቀንስም ጆንያው ያው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ፌስታል ቆርጠው ክር የሚያደርጉ ሰዎችን ቪዲዮ አይታችሁ ፌስታል እንዳታጠራቅሙ። ኬንያ ከኦገስት 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ከልክላለች። ስደተኛ ላይ ሌላ ክስ አያስፈልገውም።

«የሰው አሮጌ ልብስ ተርትሬማ አልሠራም» የምትሉ እህቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክብራችሁን አከብራለሁ፤ ግን እስቲ እንነጋገር። አያቶቻችን ጥጥ ዳምጠው፣ ባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው ነው ያለበሱን። ያረጀ ጋቢ የሕፃን መታቀፊያ ሆኖ፣ ከዚያም አልፎ መወልወያ እስኪሆን ድረስ ክር አይጣልም ነበር። ጎረቤቶቻችንን እዩ። የኪኩዩና የካምባ እናቶች ኪዮንዶ ቅርጫት ድሮ በሲሳል ቃጫ ነበር የሚሠሩት፤ ዛሬ ከአሮጌ ሹራብ የተተረተረ ክር የገባበት ኪዮንዶም ይሠራሉ፤ ቱሪስት ይገዛዋል። ነውር ካለ ነውሩ ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኪሮሹ ሳጥን ውስጥ መዛጉ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ እቁብ አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል እንውላለን። ድሩ ከየት ይምጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። 10 ሴቶች በየሳምንቱ የአንድ ልቃቂት ዋጋ ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ የ10 ልቃቂት ገንዘብ ይወጣል። በዚያ ገንዘብ አንዷ ሄዳ በኮን፣ በኪሎ ዋጋ፣ ከአንድ የንክር ዙር ትገዛለች። የተረፈውን ለባለ ዕጣዋ ታስረክባለች። ችርቻሮው፣ የመንገዱ፣ የቀለሙ፣ ሦስቱም ቅጣት በአንድ እቁብ ይነሳል። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለሞባይል እቁብ ጥለናል። ለክርስ?

በውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችንም አንድ ቃል። ስትመጡ የተሠራ ብርድ ልብስ ይዛችሁልን አትምጡ። ያቺ ሻንጣ ውስጥ የያዛችሁት ብርድ ልብስ አንድ ሰው ያሞቃል። ያንኑ የሚመዝን ክር ግን የአንድ ቤት የወር ሥራ ነው። እናንተ ያላችሁበት አገር አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ሰው ጀምሮ የተወው ክር በከረጢት ተሞልቶ በርካሽ ይሸጣል። እሱን ያዙልን።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ላስጠንቅቅ፤ የራሳችንን ሰው አውቃለሁና። ክሩ በነጻ እንደተገኘ ስትሰሙ «እንግዲያው ቀንሺልን» የምትሉ ትመጣላችሁ። ክሩ በነጻ ተገኘ ማለት ጣትዋ በነጻ ተገኘ ማለት አይደለም። ሹራቡን የመረጠችው፣ የተረተረችው፣ ያጠበችው፣ ያጠነጠነችው እሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው። ያ ሁሉ ሰዓት ነው። የፋብሪካውን ክር ስትገዛ ለፋብሪካው የምትከፍሉት እሷ ስትሠራው ለምን ይቀራል? «የኛው ሰው ነሽ» ተብሎ ዋጋ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ከሴቶች እጅ ሥራ ነው። የኛው ሰው የሆነ የቤት አከራይ ኪራይ ሲቀንስልን አላየንም።

ላጠቃልል። ከድርጅቶች የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

1. የኪሮሽ ሥልጠና በጀት ስታወጡ ከአዳራሹ በፊት ክሩን ጻፉ። ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ሙሉ ሥራ ጀምራ የምትጨርስበት ክር፣ ከአንድ የንክር ዙር።

2. ክሩን ሴቶቹ ይምረጡ። ደንበኛዋ የምትፈልገውን ቀለም የምታውቀው እሷ ናት፤ የግዥ ክፍሉ አይደለም።

3. የሰጣችሁትን ሰርተፍኬት አትቁጠሩ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ስንቷ አሁንም እየሠራች እንደሆነ ቁጠሩ። ያንን ቁጥር ለለጋሾቻችሁ ንገሩ።

4. ካምፕ ውስጥ ያለች ሴት ክር ለመግዛትና ሥራዋን ለመሸጥ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ እንድታገኝ እኛ ሲጮህ አፍ የለን፤ እናንተ ግን ስብሰባ ትገባላችሁ። እዚያ ተናገሩልን።

የማኅበረሰብ መሪዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ሥልጠና ስም ዝርዝር ስትጠየቁ፣ ስሙን ከመስጠታችሁ በፊት «ክሩስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ዝርዝሩን ያዙት።

ወንድሞቼ፣ «ኪሮሽ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» ለምትሉ፣ የሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኼ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ማንም የማይለብሰው ሹራብ ፈልጉ። ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ደህና ከሆነ ለምታውቋት ባለ ኪሮሽ አድርሱ። አጠገባችሁ ትምህርት ቤት ካለ ካርቶን እንዲያስቀምጥ ጠይቁ። እኛ ትምህርት ቤት ካርቶኑ ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ አለ፤ ማሩን ሹራብ በብዛት እንቀበላለን።